የአላስካ ሳልሞን በዓለም ገበያ፤ የተጠበቀው ዓሣና ያልተጠበቀው ዋጋ

አንድ አገር የተፈጥሮ ሀብቱን በሚገባ ጠብቆ ካቆየ ከዚያ ሀብት የሚያገኘው ጥቅምም አብሮ ይጠበቅለታል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። እምነቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ያልተጠበቀ ሀብት ያልቃል፥ ካለቀ ነገርም ጥቅም አይገኝም። ይሁን እንጂ የሀብቱ መጠበቅና የዋጋው መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን በግልጽ ከሚያስረዱት የንግድ ታሪኮች አንዱ በሰሜን ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚጠመደው የዱር ሳልሞን ታሪክ ነው። የዱር ሳልሞን የሚባለውም በእርባታ ሳይሆን በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ ያደገው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ገዢ ሳይጠፋ ዓሣው የተመናመነበት ዘመን አለ፤ ዓሣው ተትረፍርፎ አጥማጁ የከሰረበት ዘመንም አለ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ነገሩን ከመነሻው መከታተል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓሣው ጠባይ

ሳልሞን የሚፈለፈለው በንጹሕ የወንዝና የሐይቅ ውሃ ውስጥ ነው። ገና ትንሽ ሳለ ወደ ባሕር ወርዶ በዚያ ያድጋል፤ እንደ ዓይነቱ አንድ ወይም ጥቂት ዓመታት በባሕር ከቆየ በኋላ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። የፓሲፊክ ሳልሞን ዕንቁላሉን ከጣለ በኋላ በዚያው ይሞታል። በአሜሪካ ጠረፍ ከሚገኙት አምስት ዋና ዋና ዓይነቶች መካከል በንግድ ዓለም ከፍ ያለ ስም ያለው ሥጋው ደማቅ ቀይ የሆነው ሶካይ ሲሆን፣ በቁጥር ብዙ የሆነውና በዋጋ ዝቅ የሚለው ደግሞ ሮዝ ሳልሞን የሚባለው ነው።

ንግዱን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ከዚህ ጠባይ ይመነጫሉ። አንደኛው፣ ዓሣው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ወንዝ አፍ ስለሚጎርፍ ለማጥመድ ቀላል መሆኑ ነው፤ ለማጥፋትም እንዲሁ ቀላል ነው። ሁለተኛው፣ የዓመቱ ምርት በአንድ ጊዜ የሚደርስና ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ አጥማጁ ዋጋ እስኪሻሻል ድረስ ይዞ ሊያቆየው አለመቻሉ ነው። ዓሣውን አሽጎ ወይም አቀዝቅዞ የማቆየት ኃይል ያለው ሰው ዋጋውንም የመወሰን ኃይል አለው። የሳልሞን ንግድ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ኃይል ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ታሪክ ነው።

የቆርቆሮው ዘመን

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የፓሲፊክ ሳልሞን ወደ ሩቅ አገር የሚላከው በጨው ተቀምሞ በበርሜል ነበር። በ1864 ሂዩም የተባሉ ወንድማማቾችና ሃፕጉድ የተባለ ባልደረባቸው በካሊፎርኒያ በሳክራሜንቶ ወንዝ ላይ ሳልሞንን በቆርቆሮ ማሸግ ጀመሩ። ከመጀመሪያው ዓመት ምርታቸው ግማሽ ያህሉ በአስተሻሸግ ጉድለት ተበላሸባቸው። የወርቅ ቁፋሮ ደለል የሳክራሜንቶን ወንዝ እያበላሸው ስለሄደ በ1866 ሥራቸውን ወደ ሰሜን ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ አዛወሩ። ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ተስፋፋ፤ በ1883 በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ብቻ ከ600 ሺህ ሣጥን በላይ ታሸገ። አንዱ ሣጥን ባለ አንድ ፓውንድ 48 ቆርቆሮ የሚይዝ ነበር።

የዚህ ሁሉ ዓሣ ዋና ገዢ ከአሜሪካ ውጭ ብሪታንያ ነበረች። በሊቨርፑል ወደብ የሚራገፈው የታሸገ ሳልሞን ለእንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥጋ የረከሰ፣ ለመብላትም ብዙ ዝግጅት የማያስፈልገው ምግብ ሆነለት። ስለዚህ የዱር ሳልሞን ንግድ ገና ከጅምሩ ዓለም አቀፍ ነበር፤ ዓሣው በሚጠመድበት ወንዝ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የማያውቀው ሰው በሌላ ውቅያኖስ ማዶ ሆኖ ዋጋውን ይወስን ነበር።

የኮሎምቢያ ዓሣ መቀነስ ሲጀምር የፋብሪካ ባለቤቶች ዓይናቸውን ወደ አላስካ አዞሩ። አሜሪካ ይህን ሰፊ ምድር በ1867 ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዛችው ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፋብሪካዎች በዚያ የተቋቋሙት በ1878 ነው። በ1884 ደግሞ የሶካይ ሳልሞን ታላቅ መናኸሪያ በሆነው በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ማሸግ ተጀመረ። በየዓመቱ በጸደይ ወራት ከሳን ፍራንሲስኮ የሚነሡ መርከቦች ሠራተኛውን፣ ቆርቆሮውንና ስንቁን ጭነው ይሄዱና በበጋው መጨረሻ የታሸገውን ዓሣ ይዘው ይመለሱ ነበር። አጥማጆቹ በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጡ፣ በፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ቻይናውያን ነበሩ። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይናውያንን መግባት ስለከለከለ የሠራተኛ እጥረት ተፈጠረ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የዓሣውን ራስና ክንፍ ቆርጦ ሆድ ዕቃውን የሚያወጣ መኪና ሲፈለሰፍ ባለቤቶቹ በቻይናውያን ስም የተሰየመ የንቀት መጠሪያ ሰጡት። በዚህ አሠራር ውስጥ ለሺህ ዓመታት በሳልሞን ሲኖሩ ለነበሩት ለዩፒክ፣ ለትሊንጊትና ለሌሎቹ ነባር ሕዝቦች የቀረው ድርሻ አነስተኛ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር ስንቅ የሚሆን የታሸገ ምግብ ፍላጎትን ከፍ ስላደረገው በ1918 የአላስካ ምርት ከ6 ሚሊዮን ሣጥን በላይ ደረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን የመንግሥታት ግዢ ቆመ፤ መጋዘኖች በተከማቸ ሳልሞን ተሞሉ፤ ዋጋው ወደቀ። ይህ በኋላ ዘመን በተደጋጋሚ ለታየው ነገር የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ነው።

የዓሣው መመናመንና የሕጉ መምጣት

በ1924 የወጣው የኋይት ሕግ ወደ ወንዝ ከሚመለሰው ዓሣ ቢያንስ ግማሹ ለዘር እንዲያልፍ አዘዘ። ነገር ግን የሚያልፈውን የሚቆጥር በቂ ሰው አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደረሰው በባሕሩ ጠረፍ በችካልና በመረብ የሚተከለው ትልቅ ወጥመድ ነው። ወጥመዱ ብዙ ሠራተኛ ሳያስፈልገው የሚጎርፈውን ዓሣ የሚሰበስብ ሲሆን፣ ባለቤቶቹም በአብዛኛው በሲያትልና በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ ኩባንያዎች ነበሩ። በ1936 በአላስካ 126 ሚሊዮን ያህል ሳልሞን ተጠመደ፤ ከ8 ሚሊዮን ሣጥን በላይም ታሸገ። ከዚያ በኋላ ምርቱ ማሽቆልቆል ጀመረ። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአላስካን ዓሣ አጥማጅ አካባቢዎች መቅሠፍት የደረሰባቸው ናቸው ብለው እስከ ማወጅ ደረሱ። በ1959 የተጠመደው ዓሣ 25 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር።

አላስካ በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛት ሆና ስትቋቋም የሳልሞኑ ጉዳይ ከትግሉ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ዓሣና የመሳሰለው ሀብት ዘሩ ሳይቋረጥ እንዲያዝ የሚያዝዝ አንቀጽ አስገቡ፤ ወጥመዱም በሕግ ታገደ። ከ1960 ጀምሮ ጥበቃው በክፍለ ግዛቱ እጅ ሲገባ አሠራሩ ተለወጠ። በየወንዙ ዳር ከፍ ያለ ማማ ተሠርቶ ወደ ላይ የሚያልፈው ዓሣ በዓይን እየታየ ይቆጠር ነበር። ለዘር የሚበቃው ቁጥር እንዲያልፍ ማጥመድ እንደ ቆጠራው ይፈቀዳል ወይም ይታገዳል።

ሥራው ግን በወንዝ ዳር ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። የጃፓን መርከቦች በ1937 በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ አጠገብ መታየታቸው ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ በ1952 አሜሪካ፣ ካናዳና ጃፓን በተፈራረሙት ውል ጃፓን ከ175 ዲግሪ ምዕራብ በስተምሥራቅ ሳልሞን ላለማጥመድ ተስማማች። ሆኖም የአላስካ ሳልሞን ከዚያ መሥመር ወደ ምዕራብ ጭምር የሚጓዝ ስለሆነ መጠመዱ አልቀረም። በዚህ ላይ ብርቱ ክረምት ተጨምሮ በ1973 በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ የተጠመደው ሶካይ ከ1 ሚሊዮን አነሰ። በዚያው ዓመት የማጥመጃ ፈቃድን ቁጥር የሚወስን ሕግ ወጣ፤ በ1977 ደግሞ እስከ 200 ማይል ያለው ባሕር በአሜሪካ ሥልጣን ሥር ዋለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓሣው በብዛት ተመለሰ። አየሩ መለዘቡና ባሕሩ መሞቁ ረድቷል፤ ያለ ሕጉ ግን ለመመለስ የሚበቃ ዘር ባልተገኘ ነበር።

የጃፓን ገበያ

የ200 ማይሉ ሕግ ሌላ ውጤትም ነበረው። ጃፓን ቀድሞ በራሷ መርከቦች ታጠምደው የነበረውን ቀይ ሳልሞን ቀስ በቀስ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነባት። የጃፓን ቤተሰብ በጨው የተቀመመ ሳልሞንን ለቁርስና ለዘመን መለወጫ ስጦታ ስለሚፈልገው፣ የሥጋው መቅላትም እንደ ጥራት ምልክት ስለሚቆጠር ሶካይ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣ ጀመር። ዓሣው ራሱ ተቆርጦ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በማቀዝቀዣ ደርቆ በመርከብ ይላካል። በ1982 መጀመሪያ ላይ አንድ የቤልጂግ ሰው ከአላስካ የመጣ የታሸገ ሳልሞን በልቶ ቦቱሊዝም በተባለው የምግብ መመረዝ በመሞቱና ምክንያቱም በቆርቆሮው ላይ የተገኘች ጥቃቅን ቀዳዳ በመሆኗ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቆርቆሮ ከገበያ ተሰበሰበ። ይህም ነጋዴው ከቆርቆሮ ወደ ማቀዝቀዣ፣ ከአውሮፓ ወደ ጃፓን ይበልጥ እንዲያዘነብል አደረገው።

ከ1985 በኋላ የጃፓን ገንዘብ የን በዶላር ላይ እየጠነከረ ሲሄድ የገዢው አቅም ጨመረ። በ1988 የብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ አጥማጅ ለአንድ ፓውንድ ሶካይ ከ2 ዶላር በላይ ተከፈለው። በዚያን ጊዜ አንድ የማጥመጃ ፈቃድ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ብዙዎች ፈቃዱንና ጀልባውን የገዙት ተበድረው ነው። ብድሩን ያበደረውም የተበደረውም ዋጋው እንደዚያው የሚቀጥል መስሏቸው ነበር።

የእርባታው ሳልሞን መምጣት

የዋጋው መናር ግን ተፎካካሪውንም የሚጋብዝ ነበር። በ1970 ግሮንትቬት የተባሉ ወንድማማቾች በኖርዌይ በሂትራ ደሴት በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ የመረብ በረት የአትላንቲክ ሳልሞን ማርባት ጀመሩ። ዘዴው ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ካናዳና ወደ ቺሊ ተዛመተ። በ1980 ገደማ በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ሳልሞን እጅግ የሚበዛው የዱር ነበር፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ ግን የእርባታው ምርት ከዱሩ በለጠ።

የሁለቱ ልዩነት በብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። የእርባታው ሳልሞን ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል፤ ክብደቱና የሥጋው ቀለም ገዢው እንዳዘዘው ነው። ሻጩ ዋጋ ሲወድቅ ዓሣውን በውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። የዱር ሳልሞን አጥማጅ ይህ ሁሉ የለውም። ኖርዌይ በ1985 ልዑካን ወደ ጃፓን ልካ ሳልሞኗ በጥሬው እንዲበላ ማስተዋወቅ ጀመረች። ጃፓኖች የፓሲፊክን ሳልሞን በውስጡ ትል ስለሚገኝበት በጥሬው አይበሉትም ነበር፤ በእርባታ የተገኘው ግን ከዚህ የጸዳ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ በሱሺ ቤቶች ቦታውን ያዘ። ቺሊ ደግሞ በእርባታ ያገኘችውን ኮሆና ትራውት አቀዝቅዛ በመላክ ሶካይ ይሸጥበት በነበረው በዚያው ገበያ ገባች።

እርባታው ለራሱም ቢሆን ከቀውስ አላመለጠም። በ1991 የኖርዌይ አርቢዎች የሽያጭ ማኅበር ዋጋ ለመደገፍ ያከማቸውን የቀዘቀዘ ሳልሞን መሸጥ አቅቶት ኪሣራ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካ በኖርዌይ ትኩስ ሳልሞን ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች፤ በሩ ለኖርዌይ ሲጠብ ቺሊ ገባችበት። አላስካ በበኩሏ በ1990 በግዛቷ ውስጥ ዓሣ ማርባትን በሕግ ከለከለች። ሕጉ ወንዞቿን ከበሽታና ከዘር መደባለቅ ጠብቆላታል፤ በኖርዌይና በቺሊ የሚረባውን ግን ሊያስቆም አልቻለም።

የዋጋው መውደቅ

የጃፓን ኢኮኖሚ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ሁሉ በአንድነት መጣ። በ1995 በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ 44 ሚሊዮን ሶካይ ተጠመደ፤ ይህም እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነበር። ዋጋው ግን እየወረደ ሄዶ በ2001 ለአንድ ፓውንድ 42 ሣንቲም ያህል ሆነ። ቀድሞ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው ፈቃድ በ2002 በ20 ሺህ ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት የተንሳፋፊ መረብ ፈቃድ ካላቸው ከሦስቱ አንዱ ያህል ወደ ባሕር ሳይወጣ ቀረ። በባሕረ ሰላጤው መንደሮች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ የሚገባውን ፈቃድ ለዕዳ መክፈያ ሸጡት። ፈቃዱ አንድ ጊዜ ከመንደሩ ከወጣ በኋላ፣ ዋጋው ሲያንሰራራ መልሶ ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ በዓለም ላይ ሶካይ ሳልሞን ከሁሉ በበለጠ በሚጎርፍበት ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ዓሣውን እያየ ከሥራው ተለየ።

የስምና የጥራት ትግል

አጥማጁና አሻጊው በብዛትም በርካሽነትም ከእርባታው ጋር መወዳደር እንደማይችሉ በተረዱ ጊዜ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ምሳሌው አስቀድሞ ነበር። በ1983 ጆን ራውሊ የተባለ የሲያትል ሰው የኮፐር ወንዝ አጥማጆች ዓሣውን ወዲያው አርደው ደሙን እንዲያፈሱና በበረዶ እንዲይዙ አግባብቶ፣ ዓሣው በአውሮፕላን ወደ ሲያትል ምግብ ቤቶች እንዲደርስ አድርጎ ነበር። ቀድሞ አብዛኛው ወደ ቆርቆሮና ወደ ማቀዝቀዣ የሚሄደው የዚያ ወንዝ ሳልሞን በስሙ የሚጠራና በውድ የሚሸጥ ሆነ።

በ2000 የአላስካ ሳልሞን በአግባቡ የሚጠመድ መሆኑን የሚመሰክር ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች የሚሸጥ ዓሣ የመጣበት አገርና የዱር ወይም የእርባታ መሆኑ እንዲጻፍበት ግዴታ ሆነ። የብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ አጥማጆችም ከገቢያቸው ከመቶ አንድ እጅ እያዋጡ ዓሣውን በጀልባቸው ላይ ማቀዝቀዝንና ስሙን ማስተዋወቅን ያዙ። በዚህ ሁሉ ዋጋው ከወደቀበት ተነሣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አጥማጁ ዋጋውን በጥቂቱም ቢሆን ለማሻሻል የቻለው ዓሣው ከሌላው የሚለይበትን ነገር ራሱ ይዞ ለገዢው ባስታወቀበት ጊዜ ነው።

የቅርቡ ዘመን

ይሁንና ስም ብቻውን ገበያን አይገዛም። በ2014 ሩሲያ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣ ምግብን ስትከለክል የአላስካ የሳልሞን ዕንቁላል ከዋና ገዢዎቹ አንዱን አጣ። በ2018 ቻይና በአሜሪካ ዓሣ ላይ የ25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች፤ ቻይና ደግሞ ብዙ የአላስካ ዓሣ ተቆርጦና ተዘጋጅቶ ወደ ሌላ አገር የሚላክባት ነበረች። በ2022 አሜሪካ የሩሲያን ዓሣ ከለከለች፤ ነገር ግን በቻይና የተዘጋጀው የሩሲያ ዓሣ የቻይና ሸቀጥ ተብሎ መግባቱን ቀጥሎ፣ ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2023 መጨረሻ ላይ ነው።

በ2022 በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ 79 ሚሊዮን ሶካይ ተመለሰ፤ ከዚህም 60 ሚሊዮን ያህሉ ተጠመደ። መዝገብ ከተያዘ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም። በማማ ላይ ቆጠራ ከተጀመረ ጀምሮ ለደከሙት ሁሉ ይህ የድል ዓመት ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን የታሸገውና የቀዘቀዘው ዓሣ በመጋዘን ተከማቸ፤ የኑሮ ውድነት ሸማቹን ቆጣቢ አደረገው፤ የባንክ ወለድ መጨመር ዓሣ አከማችቶ መቆየትን አስወደደው፤ የን ተዳከመ። በ2023 ሩሲያ ከ600 ሺህ ቶን በላይ ሳልሞን፣ ይልቁንም ሮዙን፣ አጥምዳ በገበያው ላይ አፈሰሰችው። በ2022 ለአንድ ፓውንድ 1 ዶላር ከ15 ሣንቲም የነበረው የሶካይ መነሻ ዋጋ በ2023 ወደ 50 ሣንቲም ወረደ። በዓመቱ መጨረሻም ፋብሪካዎች ለሽያጭ ቀረቡ። በዚህ ጊዜ የዓለም የእርባታ ሳልሞን ምርት በዓመት ከ2.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን፣ የዱሩ በ1 ሚሊዮን ቶን ዙሪያ ወይም ከዚያ በታች ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የጥበቃው ሥራ ከንቱ ነበር አያሰኝም። የኮሎምቢያ ወንዝ ሳልሞን በከፊል የጠፋው ጠባቂ በማጣቱ ነው፤ የብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ሳልሞን ግን ዛሬም አለ፤ ዋጋው ሲሻሻል የሚሸጠው ነገር ያለው ሰው ተስፋ አለው። ነገር ግን ወንዙን የሚጠብቀው ሕግ የሚሠራው በወንዙ ወሰን ውስጥ ነው። ዋጋው የሚወሰነው በቶኪዮ የገንዘብ ምንዛሪ፣ በኖርዌይ የባሕር በረት፣ በቻይና የመቁረጫ ፋብሪካና በሞስኮና በዋሽንግተን አዋጅ ነው። ሀብትን በጥሬው ለሩቅ ገበያ የሚያቀርብ ሕዝብ ሁሉ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሀብቱ እንዳያልቅ፣ ሁለተኛው ከማቆያው፣ ከማዘጋጃውና ከስሙ የሚገኘው ጥቅም በእጁ እንዲቀር። አላስካ የመጀመሪያውን በመቶ ዓመት ትግል አግኝታዋለች። ሁለተኛውን ያላገኙት የባሕረ ሰላጤው ቤተሰቦች ግን ማማው ላይ የተቆጠረው ዓሣ በበዛበት ዓመት እንኳ የጀልባቸውን ዕዳ ለመክፈል ሲቸገሩ ታይተዋል።